የእንግዳ ካሚዮን ጢስና የሞጆ ከተማ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቢሾፍቱ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚወርድ መንገደኛ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ሞጆ ይደርሳል። በዚያም መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በአዳማና በአዋሽ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ወደብ ያቀናል፤ ሁለተኛው መቂንና ባቱን አልፎ ወደ ሻሸመኔና ወደ ሐዋሳ፣ ከዚያም እስከ ኬንያ ወሰን እስከ ሞያሌ ይዘልቃል። ከዚህም የተነሣ ከወደብ ወደ አዲስ አበባም ሆነ ወደ ደቡብ የሚጓዘው ዕቃ አብዛኛው የሞጆን ደጃፍ ሳይረግጥ አያልፍም። የከተማዪቱ ሲሳይ ከዚህ መንገድ ነው፤ ሸክሟም እንዲሁ ከዚህ መንገድ ነው።

እንግዲህ ለሞያ ማኅበራችን አባላት፣ ማለትም ለመሐንዲሱ፣ ለመካኒኩ፣ ለተሽከርካሪ መርማሪውና ለትራንስፖርት አስተዳዳሪው አንድ ጥያቄ ማቅረብ ተገቢ ይሆናል። አንድ ካሚዮን ባልተመዘገበበት፣ ግብር በማይከፍልበትና በማያድርበት ከተማ ውስጥ ሲያልፍ ለዚያ ከተማ ምን ዕዳ አለበት? ታሪኩን መለስ ብለን ስንመረምረው ዕዳው ሦስት ዐይነት ሆኖ እናገኘዋለን። አንደኛው ጎማው በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ሁለተኛው በግጭት ጊዜ በሰው አካልና በንብረት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ሦስተኛው ከማርሚታው የሚወጣው ጢስ በሰው ሳንባ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዕዳዎች ቀስ በቀስ መለኪያም፣ ደንብም፣ ከፋይም አግኝተዋል። ሦስተኛው ግን ከሁሉ ወደ ኋላ ቀርቶ ኖሯል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ለምን እንደ ሆነና ከሁለቱ ታሪክ ምን ትምህርት ሊገኝ እንደሚችል ማመልከት ነው።

ከባቡር እስከ ደረቅ ወደብ

ሞጆን ከሩቅ አገር ከሚመጣ እንግዳ ጢስ ጋር ያስተዋወቃት ባቡር ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በ1886 ዓ.ም. በሰጡት ፈቃድ መነሻነት የተጀመረው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያም በሞጆ በኩል አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የባቡሩ ጢስ ግን ባለቤቱ የታወቀ ጢስ ነበር። ሐዲዱ አንድ፣ ኩባንያውም አንድ በመሆኑ፣ ጥፋት ቢገኝ ተጠያቂውን ለማግኘት ድካም አያስፈልግም ነበር።

ካሚዮን ግን ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። ባለቤቱ ብዙ ነው፤ መንገዱ የሁሉም ነው፤ ዛሬ እዚህ ታይቶ ነገ ሌላ ቦታ ይውላል። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ መንገዱ እየተጠገነና እየሰፋ ሲሄድ የካሚዮኑም ቁጥር አብሮ አደገ። ሾፌሮቻችን «ኤንትሬ» እያሉ የሚጠሩት የፊያት ካሚዮን በአገሪቱ ዳገትና ቁልቁለት ስሙን የተከለው በዚያ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ሲጀምር፣ አሰብ የዕቃ ወደብ ብቻ ሳይሆን የናፍጣና የቤንዚን ምንጭም ሆነ። በደርግ ዘመን የጭነት ካሚዮኖች በቀጣና ተደልድለው በተራ ይሠሩ ነበር፤ ይህ አሠራር ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ቀርቶ ገበያው ክፍት ሆነ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜ ነው። የአሰብ መንገድ ሲዘጋ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ንግድ በሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ወደ ጅቡቲ ዞረ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የሞጆ ደረቅ ወደብ አገልግሎት መስጠት ጀመረ። ከባሕር የመጣው ኮንቴይነር የጉምሩክ ሥርዓቱን በሞጆ እንዲፈጽም ሲደረግ፣ ከተማዪቱ መተላለፊያ ብቻ መሆኗ ቀርቶ ማረፊያም ሆነች። ይህ ልዩነት ለጉዳያችን ከፍ ያለ ትርጉም አለው። የሚያልፍ ካሚዮን ጢሱን በመንገዱ ርዝመት ላይ ይበትነዋል፤ ወረፋ የሚጠብቅ፣ ሞተሩን እያስነሣ በዝግታ የሚንቀሳቀስ ካሚዮን ግን ጢሱን በአንድ ስፍራ ያጠራቅመዋል። ይህንንም የሚተነፍሰው ጫኝና አውራጁ፣ ጥበቃው፣ በመንገድ ዳር ሻይና ቡና የምታፈላው ሴት፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለሰው ሕፃን ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚተነፍሰው ግን ራሱ ሾፌሩና ረዳቱ ነው።

ክብደት ሚዛን ያገኘበት ምክንያት

የመጀመሪያውን ዕዳ፣ የመንገዱን፣ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1962 የተሽከርካሪ መጠንና ክብደት የሚወስን ደንብ በነጋሪት ጋዜጣ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1990ም የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 11 ጉዳዩን እንደገና ደነገገ። በዋና ዋና መንገዶች ላይ የሚዛን ጣቢያዎች ተተከሉ፤ ሞጆም ከነዚህ ጣቢያዎች አንዱ የሚገኝባት ከተማ ሆነች።

ለዚህ መሠረት የሆነው ሳይንሳዊ ዕውቀት በጊዜው አዲስ ነበር። በአሜሪካ በኢሊኖይ ስቴት ኦታዋ በተባለ ስፍራ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በተደረገው የመንገድ ሙከራ፣ የአክስል ክብደት ሲጨምር በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በአራተኛ ኃይል ገደማ እንደሚያድግ ታወቀ። ይኸውም የአንድ አክስል ክብደት በእጥፍ ቢጨምር ጉዳቱ 16 ጊዜ ያህል ይሆናል ማለት ነው። በ10 ቶን ፈንታ 13 ቶን የተጫነበት አክስልም ሦስት ጊዜ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጉዳት ያደርሳል። ይህ ቁጥር ለመንግሥት መሐንዲሶች በእጅ የተጨበጠ ማስረጃ ሆነላቸው። የመንገዱን ጉዳት በገንዘብ መተመን ይቻላልና፣ በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም ከነዳጅ ሽያጭ የሚሰበሰበው ክፍያ ለመንገድ ጥገና እንዲውል ተደነገገ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የሚዛኑ ሠራተኛ ካሚዮኑ የየትኛው ክልል እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ይመዝናል። በሰሌዳው ላይ ለረጅም ዘመን የቆዩት «አአ»፣ «ኦሮ»፣ «ኢት» የሚሉት ፊደላትም ሆኑ የጅቡቲ ሰሌዳ በሚዛኑ ዘንድ ልዩነት አልነበራቸውም። ሚዛኑ የሚያየው አክስሉን ነው። የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያ፣ ኮሜሳ፣ የአክስል ክብደት ወሰኑ በአባል አገሮች መካከል እንዲቀራረብ ሲጥር የኖረውም ካሚዮን በየወሰኑ አዲስ ሕግ እንዳይገጥመው በማሰብ ነው።

የግጭት ዕዳ

ሁለተኛው ዕዳ በተመሳሳይ መንገድ መፍትሔ አግኝቷል። የውጭ አገር ካሚዮን ሰው ገጭቶ ወሰን ቢሻገር ተጎጂው ካሳውን ከማን ይጠይቃል? ይህን ችግር ለማስወገድ የአካባቢው አገሮች እ.ኤ.አ. በ1986 እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የሦስተኛ ወገን መድን ስምምነት ተፈራረሙ። በሾፌሮች ዘንድ «ቢጫ ካርድ» በመባል የታወቀው ሰነድ የዚህ ውጤት ነው። ባለካርዱ በሌላው አባል አገር ጉዳት ቢያደርስ ካሳው በዚያው በጉዳቱ ስፍራ እንዲከፈል ያስችላል። በአገር ውስጥም በ2000 ዓ.ም. የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ ሆነ፤ ይኸው አዋጅ በ2005 ዓ.ም. በሌላ ተተካ።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? እንግዳ ተሽከርካሪ ከቤቱ ይዞት የሚመጣ፣ አስተናጋጁም አምኖ የሚቀበለው ወረቀት ማዘጋጀት የሚቻል መሆኑን ነው። አንዱ አገር የሌላውን ማኅተም ለማመን የተስማማው ካሳው በርግጥ እንደሚከፈል ዋስትና ስላገኘ ነው።

ሦስተኛው ዕዳ፦ ጢስ

አሁን ወደ ጢሱ እንምጣ። መካኒኮቻችን ጢስን በቀለሙ ያነቡታል። ጥቁር ጢስ ለሲሊንደሩ ከሚገባው አየር ይልቅ ናፍጣው ሲበዛ፣ ወይም ኖዝሉ ሲያረጅና ፖምፓው ከልኩ ሲወጣ፣ ወይም የአየር ፊልትሮው ሲታፈን የሚወጣ ያልተቃጠለ ካርቦን ነው። ሰማያዊው የሞተር ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል። ነጩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ናፍጣው ሳይነድ መውጣቱን ወይም ውኃ ከቃጠሎው ክፍል መግባቱን ይጠቁማል። ስለዚህ ጥቁር ጢስ የጤና ጠንቅ ብቻ ሳይሆን የባለንብረቱ ገንዘብ በአየር ላይ ሲበተን የሚታይበት ምልክትም ነው። በዓለም የጤና ድርጅት ሥር የሚገኘው የካንሰር ጥናት ተቋም በሰኔ 2004 ዓ.ም. የናፍጣ ጢስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ነገሮች ተራ መድቦታል።

የአገራችን ሕግም ጉዳዩን ሳይጠራው አላለፈም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ በንጹሕና በጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ የአየር ጥራት ደረጃ እንዲወጣ ሲያዝዝ በአንድ ስፍራ ከቆሙ ምንጮች ብቻ ሳይሆን ከተንቀሳቃሽ ምንጮችም የሚወጣው ብክለት መጠኑ እንዲወሰን አመልክቷል። እንዲያውም ክልሎች እንደየሁኔታቸው ከፌዴራሉ የጠበቀ ደረጃ ማውጣት እንዲችሉ፣ የላላ ግን እንዳያወጡ ደንግጓል።

ይሁንና ቃሉ ከወረቀት ተነሥቶ በመንገድ ዳር የሚቆም መሣሪያ ሳይሆን ብዙ ዓመታት አለፉ። ለዚህ ምክንያቱን ለማየት የሞጆን ቆዳ ፋብሪካዎች ከካሚዮኑ ጋር ማነጻጸር ይበቃል። ፋብሪካው አድራሻ አለው። ፍሳሹ ወደ ሞጆ ወንዝ ሲገባ መነሻውን መከተል ይቻላል፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብም በቀጥታ የሚናገረው እንዲህ ላለው ነው። ካሚዮኑ ግን አድራሻው ሌላ ቦታ ነው። ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራውን የሚያደርገው፣ ከጣልያንኛ ወርሰን «ቦሎ» የምንለውን ምልክት የሚቀበለው በተመዘገበበት ስፍራ ነው። ጢሱን የሚተነፍሰው ሰው ሞጆ ነው፤ መርማሪው ሌላ ከተማ ነው። ተጎጂና መርማሪ በተለያዩበት ቦታ ደንብ መላላቱ አይቀርም።

በሕግ ረገድም አንድ አንጓ አለ። ክልሉ በአዋጁ በተሰጠው ሥልጣን ጠበቅ ያለ የጢስ ደረጃ ቢያወጣ ደረጃው የሚጸናው በማን ላይ ነው? በራሱ መዝገብ ላይ ባሉት ብቻ ከሆነ የሞጆን አየር አያጠራውም፤ በመንገዱ ከሚያልፉት ውስጥ የሌላ መዝገብ ካሚዮኖች ብዙ ናቸውና። በሁሉም ላይ ይጽና ከተባለ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ክልሎችን የሚያገናኙ አውራ መንገዶችንና በክልሎች መካከል የሚካሄደውን ንግድ የመቆጣጠር ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት መስጠቱ ይነሣል። ስለዚህ እንግዳውን ካሚዮን የሚመለከተው ደንብ ከክልል ብቻ ሊወለድ አይችልም።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ይህ አንጓ የእኛ ብቻ አይደለም። ኦስትሪያ በአልፕስ ተራሮች መካከል በሚያልፈው የብሬነር መንገድ ምክንያት ለረጅም ዘመን የሌሎች አገሮች ካሚዮን መተላለፊያ ናት። በሸለቆው የሚኖረው ሕዝብ በማማረሩ ከአውሮፓ ማኅበረሰብ ጋር በተደረገ ስምምነት እ.ኤ.አ. ከ1993 መጀመሪያ አንሥቶ «የሥነ ምህዳር ነጥብ» የተባለ ሥርዓት ተተከለ። እያንዳንዱ ካሚዮን ሞተሩ በሚያወጣው የናይትሮጅን ኦክሳይድ መጠን ልክ ነጥብ ይከፍላል፤ ንጹሕ ሞተር ጥቂት፣ አሮጌ ሞተር ብዙ። ሥርዓቱ እስከ እ.ኤ.አ. 2003 መጨረሻ ቆየ። ኦስትሪያ በቲሮል አንዳንድ ጭነቶችን በአውራ ጎዳናው እንዳያልፉ ለብቻዋ ስትከለክል፣ የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ክልከላው የዕቃን ነጻ ዝውውር የሚጥስ ነው ሲል ፈረደባት። በስምምነት የተተከለው ዓመታት ሲዘልቅ በተናጠል የተወሰደው ፈረሰ።

የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. በ1991 ከባድ ካሚዮኖችን በመንገድ ዳር አስቁማ የጢሳቸውን ጥቁረት መለካት ጀመረች። ከሌላ ስቴት የመጣውም ከምርመራው አላመለጠም። ባለካሚዮኖች በመለኪያው ትክክለኛነት ላይ ክርክር በማንሣታቸው ሥራው እ.ኤ.አ. በ1993 ተቋረጠ። የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር ወጥ የሆነ የፍተሻ ሥርዓት ካዘጋጀ በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ1998 እንደገና ቀጠለ። በጊዜው እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ ለተሠራ ሞተር የተፈቀደው ወሰን ከብርሃኑ 40 በመቶውን የሚጋርድ ጢስ ሲሆን፣ ለአሮጌው 55 በመቶ ነበር። በቅርብ ዓመታትም ካሊፎርኒያ ካሚዮን ሁሉ፣ የእንግዳውም ጭምር፣ በየጊዜው የፍተሻ ማስረጃ እንዲያቀርብ የሚያስገድድ ደንብ አውጥታለች። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 የደንቡን እንግዳ ካሚዮኖችን የሚነካ ክፍል ላለመቀበል ሐሳብ ማቅረቡ ግን ክርክሩ በዚያም ገና እንዳልበረደ ያሳያል። ለእኛ ለሞያ ሰዎች የዚህ ታሪክ ዋና ትምህርት የ1993ቱ መቋረጥ ነው። መለኪያው እምነት ካላገኘ ደንቡ አይቆምም፤ ያን እምነት ያስገኘውም የመሐንዲሶች የሞያ ማኅበር ነበር።

የከፍታው ነገር

በእኛ መንገድ ላይ ደግሞ ሌሎች አገሮች ብዙም ያልገጠማቸው የቴክኒክ ጉዳይ አለ። ጅቡቲ በባሕር ወለል ላይ ናት። ካሚዮኑ የአፋርን ቆላ አቋርጦ፣ በአዋሽ በኩል ወደ አዳማ ወጥቶ ሞጆ ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ተርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር፣ ፖምፓው በባሕር ዳር አየር ልክ ከተስተካከለ፣ እዚህ ሲደርስ የሚሰጠው ናፍጣ ያው ሆኖ አየሩ ግን ይጎድለዋል፤ ስለዚህ ይጠቁራል። በወሰን ላይ ተፈትሾ ያለፈ ካሚዮን በሞጆ ሊወድቅ ይችላል፤ ሾፌሩም «ትናንት አልፌአለሁ» ቢል ሐሰተኛ አይደለም። እንግዲህ የትም ቦታ የሚሰጥ የጢስ ማስረጃ በየትኛው ከፍታ እንደ ተለካ ካልተናገረ ግማሽ ማስረጃ ነው።

ከሁለቱ ዕዳዎች ታሪክ ለሦስተኛው

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የአክስሉ ሚዛን እንደሚያደርገው የጢሱም መለኪያ ሰሌዳ ሳይመርጥ ባለቤቱንም እንግዳውንም በአንድ ወሰን መመዘን አለበት። ሁለተኛ፣ እንደ ቢጫ ካርዱ ሁሉ በአንዱ ቦታ የተሰጠው ማስረጃ በሌላው እንዲታመን በአገሮችና በክልሎች መካከል አስቀድሞ ስምምነት ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ መሣሪያው፣ የአፈታተሹ ሥርዓትና የከፍታው ማስተካከያ በሞያ ሰዎች የተዘጋጀና ባለካሚዮኑም የሚያምንበት ሊሆን ይገባል።

ከማርሚታው በፊት ነዳጅ ማጠራቀሚያው እንዳለም መዘንጋት የለበትም። በሰኔ 1993 ዓ.ም. በዳካር በወጣው መግለጫ መሠረት ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እርሳስ የተቀላቀለበትን ቤንዚን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲያስወግዱ፣ አንድም መኪና በመንገድ ላይ ማስቆም አላስፈለጋቸውም። ነዳጁ ሲጠራ እንግዳውም ባለቤቱም በአንድ ጊዜ ጠራ። በናፍጣው ውስጥ ያለውን ድኝ መቀነስም እንዲሁ ያለ ሰሌዳ ልዩነት ሁሉን ይደርሳል። በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በሞጆ በኩል የሚያልፈው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባቡርም በዚህ ረገድ ድርሻ አለው። ይሁን እንጂ ኮንቴይነሩን ከጣቢያ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ገበያ የሚያደርሰው ዞሮ ዞሮ ካሚዮን ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በጅቡቲ መንገድ ከሚመላለሱት ካሚዮኖች እጅግ የሚበዙት የእኛው ናቸው። በሞጆ አስተናጋጅ የሆነው ሰው በጅቡቲ እንግዳ ነው፤ የአፋርም ሕዝብ የሁለቱንም ጢስ ይተነፍሳል። ስለዚህ ለእንግዳ የምናወጣው ደንብ እኛ በእንግድነት ስንሄድ ልንቀበለው የምንችለው መሆን አለበት፤ ከዚያ የከበደ አይጸናም፤ ከዚያ የቀለለ አይጠቅምም። መንገዱ የመንግሥት ገንዘብ ስለ ነበረ ተቆርቋሪ አገኘና ተመዘነለት። የመንገድ ዳር ሰው ሳንባ ግን በማንም መዝገብ ላይ በንብረትነት አልሰፈረም። ይህን ዕዳ በቁጥር አስልቶ፣ ለሕግ አውጪው በሚገባው ቋንቋ ማቅረብ የእኛ የሞያተኞች ሥራ ነው፤ ከእኛ በቀር መሣሪያውን የሚያውቅ፣ ጢሱንም በቀለሙ የሚያነብ የለምና።